ረቡዕና ዓርብ ያልዋጥኋቸው ኪኒኖች

ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ንብረት ተረክቤ አስረክቤአለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን በቆጠራ ጉድለት አልተገኘብኝም። ጉድለት የተገኘብኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በገዛ ደሜ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በየቀኑ አንድ ኪኒን እየዋጡ እንዲኖሩ ለተፈረደባቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው። «ለተፈረደባቸው» ያልሁትን ግን እዚሁ ላይ እሰርዛለሁ። ለተፈቀደላቸው ነው የምለው።

ቤቴ ከሐይቁ ብዙ በማይርቀው በሹም አቦ ሰፈር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እስከ ሐይቁ ዳር በእግሬ ሄጄ እመለስ ነበር። መጀመሪያ ያስተዋልሁት በመንገዱ አጋማሽ ላይ ማረፍ መጀመሬን ነው። ቀጥሎ ግማሽ እንጀራ ሳልጨርስ ሆዴ ሞላሁ ይለኝ ጀመር። ከዚያ ደግሞ እጄና አንገቴ እየከሳ ሳለ ቀበቶዬ በግራ ጎኔ በኩል ይጠብቀኝ ጀመር። የሰውነት ክብደት እየቀነሰ ቀበቶ የሚጠብበት ሒሳብ ሊገባኝ አልቻለም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ወባ ነው አለኝ፤ መድኃኒቱን ጨረስሁ። ሁለተኛው ታይፎይድ ነው አለኝ፤ ያንንም ጨረስሁ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው ብሎ በርበሬ ከለከለኝ፤ ያ ወር ከሁሉም የከበደኝ ነበር። በአራተኛው ክሊኒክ ያገኘሁት ሐኪም ጎኔን ዳስሶ ጣፊያዬ ማበጡን ደረሰበት። በሥራ ዘመኔ ወደ ፎገራና ወደ ሊቦ ለንብረት ቆጠራ እመላለስ እንደነበር ስነግረው በዚያ አካባቢ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈውን ካላዛርን ጠረጠረ። ጥርጣሬው ትክክለኛ አካሄድ ነበር። ምርመራው ግን ነጻ ነህ አለኝ። በየክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ስቀመጥ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእናቶችና የሕፃናት ክትባት ሰሌዳ በቃሌ አጠናሁት።

የባለቤቴ የጥሩነሽ ወንድም አያሌው በሰባታሚት ገበሬ ነው። መታመሜን ሰምቶ መጣና ጎኔን አየ።

«ጣፊያ ነው ጋሼ። ጣፊያን ሐኪም አያውቀውም። በጋለ ብረት ሦስት ቦታ ይተኮሳል፣ አለቀ።»

«አንተ ተተኩሰህ ታውቃለህ?»

«እኔስ አልተተኮስሁም። በሬዬ ተተኩሶ ድኗል።»

«በሬው አሁን የት አለ?»

«በሬውማ ለፋሲካ ታረደ።»

ጥሩነሽ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ጎኔ ግን ሲያመኝ ዋለ። በማግሥቱ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሄድሁ።

እዚያ የደም ምርመራውን የሠራው ባለሙያ ቁጥሩን አላምን ብሎ ደግሞ ቆጠረ። ሁለተኛውም ቆጠራ ከመጀመሪያው ጋር ገጠመ። ነጭ የደም ሴሌ መሆን ከሚገባው ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ተጨማሪ ናሙና ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ዶክተሯ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ንግግሯ የተቆጠበ ሴት ናት። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ የሕመሙን ስም ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ የደም ካንሰር።

«ስንት ጊዜ ቀረኝ?» አልኋት።

«መድኃኒቱን በየቀኑ ከወሰዱ፣ በሌላ ነገር የመሞት ዕድልዎ ይበልጣል።»

ይህን መልስ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ዘመድ አዝማዱ ግን ይህን መልስ አልሰማም። የሰማው ካንሰር የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ሳሎን ቁጭ ብዬ ተቀበልኋቸው። አንዲት የሩቅ ዘመድ ለቅሶዋን ስትጀምር ጥሩነሽ ተነሥታ በሩን ከፈተችላት፤ «ለቅሶ ቤት ፈልገሽ ከሆነ ቤት ተሳስተሻል እኅቴ» አለቻት። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ ነጠላውን አስተካክሎ ገባ።

አሁን ሕመሙን በሥራዬ ቋንቋ ላስረዳ። ደም የሚመረተው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ፣ የሰውነት ትእዛዝ የተጻፈባቸው ጥቅልሎች አሉ። በእኔ ሕመም የሁለቱ ጥቅልሎች ጫፎች ተቆርጠው ቦታ ተለዋወጡ። ካለቦታቸው የተቀጠሉት ሁለት ቁራጮች ቀድሞ ያልነበረ አንድ ሠራተኛ ቀጠሩ። ይህ ሠራተኛ ኤንዛይም ነው። ጤነኛው ኤንዛይም ጥያቄ ሲቀርብለት ብቻ «ይባዛ» የሚለውን ማኅተም ያሳርፋል። ይህኛው ግን ጠያቂ ሳይኖር ያትማል፤ በዓል የለው፣ እሑድ የለው። ነጭ የደም ሴልም በታተመው ልክ ይባዛል፤ ጣፊያም መጋዘን ሆና ታብጣለች።

ታዲያ ማኅተም ያለ ቀለም አይሠራም። ኤንዛይሙ በገላው ላይ ቀለሙን የሚያነሣበት ኪስ መሰል ጎድጓዳ ቦታ አለው። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒቴ በቀጥታ ሄዶ የሚቀመጠው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው። ሞለኪዩሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአፍ ተውጦ፣ ከአንጀት ወደ ደም አልፎ፣ ወደ ሴሉ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። እንደ ሌላው የካንሰር መድኃኒት ያገኘውን ሴል ሁሉ አይፈጅም፤ ፀጉር አያራግፍም። ያን አንድ ሠራተኛ ቀለም ይነሣዋል፤ እርሱም ደረቅ ማኅተም ይዞ ይቀመጣል።

ይህን ያስረዳችኝ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ዘይነባ ናት። አባቷ በወረታ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እርሷም የመቁጠርና የማስረዳት ተሰጥኦ አላት። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሽ በላይነህ፣ ጉበትዎ መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ነገር እየሰባበረ ያስወጣዋል። ዛሬ ከዋጡት ውስጥ ግማሹ በአሥራ ስምንት ሰዓት ገደማ ይወጣል። ነገ ካልዋጡ ኪሱ ይከፈታል። ምግብ በልተው፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ጠጥተው፣ በየቀኑ። በባዶ ሆድ ከሆነ ያስመልስዎታል።»

ሰምቻለሁ፤ ገብቶኛል፤ በማስታወሻዬም ላይ ጽፌዋለሁ። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

የመጀመሪያው ዓመት የድል ዓመት ነበር። ጣፊያዬ ወደ ቦታው ተመለሰች። ጠዋት ጠዋት የዓይኔ ቆብ ያብጣል፣ ባቴን ቁርጥማት ይይዘኛል፤ ይህን ከመድኃኒቱ የተጣለብኝ ግብር አድርጌ ተቀበልሁት። በየስድስት ወሩ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው የደም ናሙና የታመሙት ሴሎች ቁጥር እየወረደ መሆኑን አሳየ። ወደ ሐይቁ ዳር የማደርገውን ጉዞም ሳላርፍ ጨረስሁ።

ኪኒኑ በእርዳታ የሚመጣ ስለሆነ በነጻ ይታደላል። አሠራሩም ጥብቅ ነው። በየወሩ ባዶውን ብልቃጥ ታስረክባለህ፤ ሠላሳ ፍሬ ያለበትን ሙሉ ብልቃጥ ትረከባለህ። ይህን አሠራር ወደድሁት፤ የእኔው ሙያ ነው። አንድ ወር ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ተዘጋ። ዘይነባ «ነገ ይመጣል» እያለች ስምንት ቀን አለፈ። ቀድሜ ጠይቄ ስለነበር በብልቃጡ የቀሩኝን ስድስት ፍሬዎች ጨረስሁ፤ ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን መኪናው ደረሰ። በእነዚያ ሁለት ቀናት የተሰማኝን ፍርሃት ለማንም አልተናገርሁም። በልቤ ግን አንድ ውሳኔ ወሰንሁ። በእኔ መጋዘን መጠባበቂያ የሌለው ዕቃ ኖሮ አያውቅም፤ አሁንም አይኖርም።

መጠባበቂያ ከየት ይመጣል? ከጾም አመጣሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም። ስታመም የንስሐ አባቴ መምሬ ላቀው ሰዓቱን ፈትተውልኝ ነበር፤ «የጾሙን ምግብ በጠዋት ብላ፣ መድኃኒትህን ዋጥ» ብለውኝ ነበር። አንድ ዓመት እንዲሁ አደረግሁ። ከዚያ የመንገዱ ጉዳይ ሲመጣ፣ ጤናዬ ስለተመለሰ ወደ ቀድሞው ሥርዓቴ ልመለስ አልሁ። የመዋጫ ሰዓቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ጾመኛ ነኝ፤ በባዶ ሆድ ደግሞ አይዋጥም። እንግዲህ የረቡዕና የዓርብ ኪኒን ወደ ሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ይገባል። ቆርቆሮው ላይ ከብልቃጡ የገለበጥሁትን የምርት ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ጽፌ ለጠፍሁ። ከጡረታ ሰነዶቼ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁት። በወሩ መጨረሻ ባዶ ብልቃጥ ይዤ እሄዳለሁ፤ ዘይነባ ትመዘግባለች፤ ሙሉ እረከባለሁ።

ጾም በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ አንድም ቀን አላጎደልሁም። በሌላው ጊዜ ግን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በቆርቆሮው ውስጥ ሰባ ስምንት ፍሬ ተጠራቀመ። በረቡዕና በዓርብ ማግሥት የዓይኔ እብጠት ቀለል ይልልኝ ነበር። ይህንን የጾም በረከት አድርጌ ቆጠርሁት።

በመካከሉ የመጣው የደም ውጤት ለውጥ አላሳየም ነበር፤ ከዚያ ቀጣዩ መጣ። ዶክተሯ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ቁጥሩ ወደ ላይ ዞሯል። የቀረ ቀን አለ?»

«የለም።»

«አንድም?»

«ዶክተር፣ እኔ የንብረት ሰው ነኝ።»

አመነችኝ። ስለታመንሁም በውስጤ ኮራሁ፤ ይህን የምጽፈው ማንም እንዳይደግመው ነው። «እንግዲያው መድኃኒቱ መሥራት አቁሞ ይሆናል» አለች። «የታመሙት ሴሎች አንዳንድ ጊዜ የኪሱን ቅርጽ ይለውጡታል። መድኃኒቱ ሊቀመጥበት የነበረው ቦታ አይገጥመውም። ሁለተኛ መድኃኒት አለ፤ ለእርሱ ግን አዲስ አበባ ተመዝግበው ተራ መጠበቅ አለብዎት። ተራው መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ያኛውም ካልሠራ፣ እጃችን ላይ ሌላ የለም።» ይህንን እየተናገረች የዝውውር ቅጹን መሙላት ጀመረች። መድኃኒቱን የማቋረጫ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላ ጻፈች።

ሠላሳ አራት ዓመት ቅጽ ሳነብ የኖርሁ ሰው ነኝ። በዚያ መስመር ላይ የተጻፈው ሐሰት መሆኑን፣ ሐሰቱንም የሰጠኋት እኔ መሆኔን አውቃለሁ። የሚሠራ መድኃኒት «አልሠራም» ተብሎ ሊወገድ ነው፤ ሊወገድ የተዘጋጀውም ሕይወቴ ነው። ቅጹን ፋርማሲ አስመዝግብ ተብዬ ተሰጠኝ። ወደ ፋርማሲ አልሄድሁም፤ አጥፌ ኪሴ ከትቼ ቤቴ ገባሁ።

ጥሩነሽ ቅጹን አነበበችው። ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ በአገጯ እያመለከተች፣ «ያ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ሻይ አይደለም» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ካለፈው የፍልሰታ ጾም ጀምሮ። በእጄ አንሥቼ ሳወዛውዘው ተንኳኳ። ሻይ ቅጠል አይንኳኳም። ራስህ እንድታወጣው ዝም አልሁ፤ ዝም በማለቴም ከአንተ እኩል አጥፍቻለሁ።»

«መንገድ ቢዘጋ ብዬ ነው። መጠባበቂያ...»

«አንተ ከሞትህ መጠባበቂያውን ማን ይረከበው?»

ከሰዓት በኋላ መምሬ ላቀውን ፈልጌ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። አንድም ሳልቀንስ ነገርኋቸው። ጢማቸውን እያሹ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ።

«ሰዓቱን ፈትቼልህ አልነበረም?»

«ፈትተውልኝ ነበር፣ አባቴ።»

«ታዲያ እኔ የፈታሁትን መልሶ ያሰረው ማነው? ከእኔ በላይ ቄስ ሆንህ?» ቀጥለውም፣ «እሺ፣ ጾምህ ይሁን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ስትቀምስ መድኃኒቱን ለምን አልዋጥኸውም?» አሉኝ።

ጥያቄው ይህ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ያልጠየቅሁት ይኸው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምግብ መዋጥ እችል ነበር፤ ያልዋጥሁት ቆርቆሮው እንዲሞላ ስለፈለግሁ ነው። ጾሙን ለፍርሃቴ መሸፈኛ አድርጌዋለሁ። ይህንንም ነገርኋቸው።

«ንስሐህ ቀላል ነው» አሉኝ። «ነገ ጠዋት ሄደህ ለዋሸሃት ሴት እውነቱን ትነግራታለህ። ዓርብም ቢሆን በልተህ ሂድ።»

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ሽሮ በልቼ፣ ኪኒኔን ውጬ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ቅጹን ኪሴ ከትቼ፣ ቆርቆሮውን ታቅፌ ሄድሁ። ዶክተሯ ፊት ቆርቆሮውን ከፈትሁ። «የቀረ ቀን የለም ያልሁዎት ሐሰት ነው። ሰባ ስምንት ቀን ቀርቷል። መድኃኒቱ አላጎደለም፤ ያጎደልሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ትንፋሿን በረዥሙ አስወጣችና ቅጹን ተቀብላኝ ሁለት ቦታ ቀደደችው።

«ሦስት ወር፣ አንድም ቀን ሳያጎድሉ። ከዚያ እንደገና እንለካለን። ቁጥሩ ከወረደ ኪሱ አልተለወጠም ማለት ነው። ካልወረደ፣» አለችና አልጨረሰችውም።

ፋርማሲው መስኮት ላይ ወረፋ ነበር። ከፊቴ ከሐሙሲት በመጀመሪያው መኪና የመጡ፣ ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ቆመዋል። ሕመማቸው እንደ እኔው ነው። ዘይነባ የዚህ ወር ጭነት ገና መንገድ ላይ መሆኑን፣ የቀረው በስም የተመደበ ብቻ መሆኑን እየነገረቻቸው ነበር። ሴትዮዋ አልተከራከሩም፤ አግዳሚው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ተራዬ ሲደርስ ቆርቆሮውን በመስኮቱ አሳለፍሁላት፤ ነገሩንም ነገርኋት።

የለጠፍሁትን ጽሑፍ አነበበች። «የምርት ቁጥሩን ሳይቀር ጽፈዋል» አለች፤ ሳቋን ልትይዘው አልቻለችም። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሽ በላይነህ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። በረመዳን ስንት በሽተኛ ሰዓቱን እንዳስተካክልለት ይጠይቀኛል መሰለዎት? ቢጠይቁኝ ኖሮ በአንድ ደቂቃ እንጨርሰው ነበር።»

«አውቃለሁ። መልሰሽ ተረከቢኝ።»

«ከቤት የተመለሰ መድኃኒት ለሌላ ሰው አይሰጥም። ይህን እርስዎ ይጨርሱታል፤ ጊዜው አላለፈም፣ አልረጠበም። በስምዎ የተመደበውን ብልቃጥ ግን...» ብላ ወደ አግዳሚው ተመለከተች። ለዶክተሯ ስልክ ደውላ አስፈቀደች፤ መዝገቡን ገልጣ አስተካከለች፤ እኔም ፈረምሁ። የሐሙሲቷን እናት በስማቸው ጠራቻቸው። ብልቃጡን ሲቀበሉ ከማን እንደመጣ አላወቁም፤ እንዲያውቁም አልፈለግሁም። ለእርሳቸው የቸርሁት ነገር የለም። ለአንድ ዓመት ያህል እየተረከብሁ ካልዋጥሁት ላይ ነው የወጣው።

እነዚያን ሦስት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኋቸው አላስረዝምም። የቆርቆሮውን ኪኒን አንድ በአንድ ጨረስሁ። እያንዳንዱን ስውጥ የትኛው ረቡዕ፣ የትኛው ዓርብ ይሆን እያልሁ ነበር። ዓይኔ አበጠ፤ ባቴን ቆረጠመኝ። አንድ ረቡዕ አያሌው ከሰባታሚት መጥቶ በጠዋት ስበላ አገኘኝ። «ጋሼ ጾም ፈታ?» ብሎ ጥሩነሽን ጠየቃት። እርሷም «አልፈታም። ከበሬህ የተሻለ ሐኪም አግኝቶ ነው» አለችው።

ውጤቱ በሦስተኛው ወር መጨረሻ መጣ። ዶክተሯ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወንበሯን እንደ መጀመሪያው ቀን ወደ እኔ አስጠጋች። ቁጥሩ ወርዷል። ከቀድሞው ዝቅተኛ ቦታ ገና አልደረሰም፤ አቅጣጫው ግን ቁልቁል ነው። ኪሱ አልተለወጠም። መድኃኒቱ ዛሬም ቦታው ላይ ሲደርስ ይቀመጣል፤ ሠራተኛውም ደረቅ ማኅተሙን ይዞ ይቀመጣል።

ለምታነቡኝ ሕሙማን የምለው ይህን ነው። ካንሰር የሚለውን ቃል ሰምቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚመጣውን በሩን አሳዩት። ሐኪማችሁን ግን አትዋሹ። መንገድ ይዘጋል ብላችሁ ብትፈሩ ፍርሃታችሁን ለፋርማሲው ንገሩት እንጂ በቆርቆሮ ውስጥ አትቆልፉት። መጾም የምትፈልጉ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሚያውቀው ባለሙያ ጋር ተመካከሩ። እኔ መጠባበቂያ የሌለው መጋዘን ይዤ መኖርን በስድሳ ስድስት ዓመቴ እየተማርሁ ነው። ከባድ ነው፤ እችለዋለሁ።

ቆርቆሮው አሁን ኪኒን የለበትም። ጥሩነሽ አጥባ ሻይ ቅጠል ጨምራበታለች፤ ሳወዛውዘው አይንኳኳም። ዛሬ ዓርብ ነው። ሐይቁ ዳር ደርሼ ተመልሻለሁ፤ መንገድ ላይ አላረፍሁም። ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሽሮዬ ቀርቧል፤ ውኃው በትልቁ ብርጭቆ ተቀድቷል። ልብላ።